በሰቢደጅ ቀለም

እሑድ እሑድ ቤይሩት ዳር፣ ዓይን ኤል ረማነህ ሰፈር፣ የአገሬ ልጆች እናቶች በተከራዩት አዳራሽ ልጆቻቸውን አስተምራለሁ። ልጆቹ እዚሁ ሊባኖስ የተወለዱ ናቸው። አንድ ቀን አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝና በዚያው ቲቸር ሆኜ ቀረሁ።

አማርኛ ይሰማሉ፤ ስትጠይቃቸው ግን በዓረብኛ ነው የሚመልሱልህ። ሀ ሁ ሂ ሳስቆጥራቸው ይደግማሉ፣ ከበሩ ሲወጡ ኸላስ፣ ጠፋ። እኔም ሰለቸኝ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። አፋቸው የሚፈታው ኮርኒሽ፣ ባሕሩ ዳር፣ ስላዩት ሸርጣን ሲያወሩ ብቻ ነበር። ስለዚህ ትምህርቱን ሁሉ ባሕር ውስጥ ከተትኩት። ሒሳቡ የኦክቶፐስ እጅ መደመር ሆነ። መዝሙሩን የሰርዲን መንጋ እየሆኑ፣ ሳይጋጩ እየተጠማዘዙ ይዘምሩታል። በጂኦግራፊ ደግሞ ከቀይ ባሕር ተነስቶ በስዊዝ ቦይ አልፎ እዚህ ቤይሩት ስለደረሰ አንድ እሾሃም ዓሣ ነገርኳቸው። አንዱ ልጅ “ኢቃማ አለው?” አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዱን ማለቱ ነው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ወሬው እትዬ ጋ ደረሰ። እትዬ የእናቶቹ ሰብሳቢ ናቸው፤ መዝረዓ ሰፈር አንድ ቤት ለብዙ ዘመን የሠሩ፣ የአዳራሹ ቁልፍ በእጃቸው ያለ ትልቅ ሴት። አዳራሹን የተከራየነው ለጸሎትና ለአማርኛ እንጂ ለዓሣ አይደለም ብለው ላኩብኝ። እሑድ መጥተው ልጆቹን ሊያናግሩ፣ አማርኛ ካጡባቸው ትምህርቱ ሊዘጋ።

ዓርብ ዕለት ባዕብዳ፣ ተቀጥሬ የምሠራበት ማዳሜ ቤት፣ ሰቢደጅ አጥብ ነበር። ቀለም በሆዷ ይዛ የምትዞር፣ ለስላሳ፣ ባለብዙ እጅ የባሕር እንስሳ ናት። ማዳሜን አንዷን ስጪኝ አልኳት። ለምን እንደሆነ ስነግራት ሳቀችና አንዷን ከነቀለሟ ሰጠችኝ።

ሁዳዴ መሆኑን አልረሳሁም። የማይበላ ነገር ምን ያስገድፋል ብዬ ነው። ያልታሰበኝ ሽታው ነው። እትዬ ሲገቡ ሰቢደጇ ሥዕለ አድኅኖው ከተጋረደበት መጋረጃ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች፤ ልጆቹ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሯል። እትዬ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያዙ።

“አንቺ ልጅ፣ በጾም? ቅርፊት የሌለውን ርኩስ እዚህ ታመጪዋለሽ?”

መልስ ለመስጠት አፌን ከፈትኩ፤ እኔ ደግሞ ስመልስ አላምርም። ግን አንዲት ልጅ ቀደመችኝ። ከሁሉም ዝምተኛዋ፣ አንድ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ከአፏ ሰምቼ የማላውቀው።

“እትዬ፣ አንበላትም። ትልቅ ዓሣ ሲመጣ ትፈራለች። ያኒ፣ ማለት፣ ቀለም ትረጫለች፣ እሱ አያይም፣ እሷ ታመልጣለች። እኛ በቀለሟ እንጽፋለን።”

ወረቀቷን ገፋ አደረገችላቸው። በስንጥር የተጻፈ፣ ግማሹ የፈሰሰ “እናቴ” ነበር።

እትዬ ነጠላውን ከአፍንጫቸው አወረዱ። አምልጣ የት እንደምትገባ ጠየቁ። ድንጋይ ሥር፣ አለች ልጅቷ። ሌላው አይደለም፣ አሸዋ ውስጥ ነው ብሎ ተቃወመ፤ ሦስተኛዋ ሁለታችሁም ውሸታም አለቻቸው። ጭቅጭቁ ጦፈ፣ እትዬም ገቡበት፣ እናት ሆና እንቁላሏን ማን ይጠብቅላታል እያሉ። ሁሉም በአማርኛ። ልጆቹ ፈተናውን ማለፋቸውን ከእኔ በቀር ያስተዋለ አልነበረም፤ እኔ ግን ግድግዳውን ተደግፌ በውስጤ እልል እል ነበር።

ቆይተው እትዬ ስንጥሩን አንስተው አዩት።

“በዚህ አይጻፍም” አሉ። አባታቸው የደብር ጸሐፊ ነበሩ ለካ፤ ልጅ ሆነው ብርዕ ሲቀርጹላቸው ነው ያደጉት። ቢላ አስመጡና ጫፉን ሰያፍ አድርገው ቀረጹት፤ ቀለሟ ውስጥ ነክረውም ልጅቷን እጇን ይዘው አንድ “ሀ” አስጻፏት። እንደ ብራና ጽሕፈት ቀጥ ያለ፣ የማይፈስ “ሀ”።

ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። እንስሳዋ በረንዳ ላይ ትቀመጥ፣ ቀለሟ ይግባ።

ትምህርቱ አልቆ ወንበሮቹን ሳስተካክል የአዳራሹን ቁልፍ ወደ እኔ ወረወሩት።

“ቀድመሽ እየመጣሽ መስኮቱን ክፈቺ። ከእኔ በፊት ሽታው ይውጣ።”

ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። እስካሁን እዚያው ነው።