ለካውያ የተተወ ክፍል

ሥራዋ ሰው ቤት እየገቡ መጠየቅ ነበር። ቤቱ ስንት ክፍል አለው፣ ግድግዳው ከምንድን ነው የተሠራው፣ ውሃው ቤት ውስጥ ነው ግቢ ውስጥ፣ መጸዳጃው የግል ነው የጋራ፣ ስንት ሰው ይኖርበታል። ከተማው ሰፊ፣ ጥያቄውም ረጅም ነው። የሠፈሯ ሰዎች ስሟን ትተው "ስንት ናችሁ" ይሏት ነበር፤ እሷም ትስቅ ነበር እንጂ አትቀየምም።

ራሷ የምትኖረው ከአውቶቡስ ሹፌር ባሏና ከአንዲት ልጇ ጋር በጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። አልጋውን ከልጅቷ ፍራሽ የሚለየው መጋረጃ ነው፤ መጸዳጃው ከጎረቤት ጋር የጋራ። የሰው ቪላ ስትመዘግብ ውላ ስትገባ ግን ቅር ብሏት አያውቅም። "የማላውቀው ሰው ቤት ምን አገባኝ" ትላለች።

አንድ ቀን በደረሳት አዲስ ሕንፃ ውስጥ የታናሽ እህቷ ቤት ተገኘ። እህትየው እዚያ ከገባች ወዲህ እሷ "ሥራ በዛብኝ" እያለች ሄዳ ሳትጠይቃት ቆይታለች። አስተባባሪዋን ሌላ ሰው እንዲልክ ለመነችው።

"እህትሽ ከሆነችማ በር አትዘጋብሽም" አላት። "ሂጂ ጨርሺው።"

እህትየው በሩን ከፍታ አቀፈቻት። "እትዬ፣ ይኸው በሥራ አሳበሽ መጣሽልኝ" ብላ ሳቀች።

ተቀምጣ ታብሌቷን አወጣች። "ስንት ሰው ይኖራል?"

"እኔና ባለቤቴ፣ እንደምታውቂው።"

"መኝታ ክፍል?"

"ሁለት። በአንደኛው ግን ማንም አይተኛም፤ ልብስ እተኩስበታለሁ።"

ማየት አለብኝ ብላ ተነሣች። ሰፊ መስኮት፣ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ መሐል ላይ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ በላዩ አንዲት ካውያ። የእሷ ልጅ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታጠናለች፤ እዚህ ካውያ ብቻዋን ክፍል ይዛለች። ቀና ብላ ጣሪያውን በዓይኗ በረበረች።

"ያፈሳል?"

"ምኑ?"

"ጣሪያው።"

"እትዬ፣ ከላያችን እኮ ሰው ነው የሚኖረው።"

"ይሁን፤ እርግጠኛ ነሽ?"

ጥያቄው ሲያልቅ እህትየው፣ "ልጅሽ ለፈተናው እዚህ መጥታ ብታጠናስ? ክፍሉ እንደሆነ ባዶውን ነው" አለቻት።

"ልጄ ቤት አላት" ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ማታ ለባሏ ስትነግረው ይቆጣልኛል ብላ ነበር። እሱ ግን፣ "ጥሩ አስባለች እኮ፤ ምን ከፋሽ?" አላት። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ትሰማ ኖሮ፣ "እማ፣ ልሂድ?" አለች። እምቢ ለማለት ምክንያት ፈለገች፣ አጣች። ቀንቼ ነው አይባል ነገር።

ልጅቷ ሄዳ አክስቷ ዘንድ ከረመች። እሁድ እሁድ እየመጣች "አክስቴ እንዲህ አለች፣ አክስቴ ይህን ገዛችልኝ" ስትል፣ እናቷ "እስቲ ስለ ትምህርትሽ አውሪ" ብላ ታቋርጣታለች። መጋረጃው ተሰብስቦ ክፍሏ ሰፍታ ነበር፤ ስፋቷን ግን ጠላችው። በቤት የጀመረው ቅናት ወደ ሰው ዞረ። ፈተናውን ማለፏን እንኳ የሰማችው እህቷ ደውላላት ነው፤ ልጅቷ መጀመሪያ የነገረችው ለአክስቷ ነበር። ያን ዕለት ባሏ ከደስታው ብዛት መቀመጥ አቅቶት ሲንጎራደድ፣ እሷ ሳህን እያጋጨች ታጥብ ነበር።

"ቆይ፣ በማን ነው የቀናሽው፣ በእህትሽ ነው በልጅሽ?" አላት።

"በሁለቱም" አለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ገረማት።

ቅዳሜ ልትጠይቃቸው ሄደች። በሩን የከፈተችላት ልጇ ናት። "ግቢ እማ፣ ተቀመጪ" አለቻት፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው። ዋጥ አድርጋ ገባች። ልጅቷ ሻይ ልታፈላ ወጥ ቤት ስትገባ፣ እህትየው መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ስትመጪ ፊቷ እንዴት እንደሚፈካ አየሽ?" አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከጠዋት ጀምሮ ከመስኮቱ አልጠፋችም። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲያ ሆና አታውቅም። እውነቴን ነው፣ አንዳንዴ እናደዳለሁ።"

እህቷ በእሷ ስትቀና ይህ የመጀመሪያው ነበር። ልታጽናናት ይገባ ነበር፤ አፏ ግን አልታዘዝ አላት፣ ደስ ብሏታልና። በደስታዋም አፈረች። ሻዩ እስኪመጣ የእህቷን እጅ ይዛ ተቀመጠች፤ ደስታውን ግን አልለቀቀችውም።