በጉርድ ልክ የተቆረጠው ማርሚታ

የመጀመሪያውን ማርሚታ ያሰመርኩት እናቴ ጉርድ በምታሰምርበት ጠመኔ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ማርሚታ የሞተር ጭስ መውጫ ቱቦ ነው፣ ጉርድ ደግሞ ጉርድ ነው፣ ሁለቱን ምን አገናኛቸው የሚል ሰው ባለፈው ክረምት እኛ ጋ፣ ሽንፋ አልነበረም ማለት ነው።

አባባ የእርሻ ጣቢያው መካኒክ ናቸው። ሥራቸው ትራክተር ነው። ክረምት ሲገባ ግን ትራክተሩም ሎሪውም ባለበት ይቆማል። የኛ መሬት ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ የረገጠው ሰው እግሩን ያወጣ እንደሆን ነው እንጂ ጫማውን አያወጣም። በነዚያ ወራት የምትንቀሳቀስ አንዲት ነገር ብቻ ነበረችን። ውሃ ሊያጠኑ የመጡ ፈረንጆች፣ እኛ በሱዳኖቹ አጠራር ኸዋጃ የምንላቸው፣ ሲሄዱ ለጣቢያው የተዉአት ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ናት። ጎማዎቿ ሰፋፊና ልስልስ ስለሆኑ ጭቃው ላይ ይንሳፈፋሉ። ለሰሊጥ አረም ከደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች "እንቁራሪቷ" የሚል ስም አወጡላት። ድምጿም አቀማመጧም ቁርጥ እንቁራሪት ነበር።

የሚነዳት ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ ነው። የጣቢያችን ክሊኒክ ማለት እሱ ብቻውን ነው፤ ወባ የጣለውን ሠራተኛ ከማሳ እያመጣ እንዲያክም ነበር የተሰጠችው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ብቻውን ሲሆን ትሄዳለች። በሽተኛ ከኋላው ሲቀመጥ ግን ጉልበቷ ያልቅና ከክሊኒኩ በታች፣ ወንዙ ዳር ያለው ዳገት ላይ ቀጥ ትላለች። ስለዚህ በሽተኛ የሚመጣው በቃሬዛ ነበር። ካቻምና ከጎጃም የመጣ አንድ ሠራተኛ ታሞ፣ አራት ጓደኞቹ ተሸክመውት ጧት ተነሥተው ከሰዓት በኋላ ደረሱ። እኔ ክሊኒኩ በር ላይ ነበርኩ። "ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት፣ እንቅልፍ ወስዶታል" አለ አንዱ። ድሬሰሩ ጋቢውን ገለጥ አደረገና ፊቱን መልሶ ሸፈነው። ጋቢውን መልሶ ሲሸፍን የእጁን አኳኋን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በሰኔ ከመተማ ዮሐንስ፣ ከዋናው ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ባለ ሦስት ጎማዋ ነዳጅ ከመጨረስ በቀር ስላልጠቀመች ወደ ጎንደር ትመለስ ይላል። ድሬሰሩ ጻፈ፣ ለመነ፣ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻ የዋናው ቢሮ ሥራ አስኪያጅ "በነሐሴ መጨረሻ እኔው እመጣለሁ፤ ሰው ጭና ያንን ዳገት ከወጣች ትቆያለች፣ ካልወጣች ትሄዳለች" ብለው መለሱለት። ወረቀቱን እንደያዘ ወደ አባባ መጣ።

"ጌታዬ፣ ለዚህች ነገር ጉልበት ይስጧት።"

"እኔ እግዜር ነኝ እንዴ?"

"አይደሉም። እሱንማ ባለፈው ሳምንት ጠይቄው ወደርስዎ ላከኝ።"

አባባ ሳቁ። አባባ ከሳቁ እሺ ብለዋል ማለት ነው።

ሞተሯን ሲፈቷት አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። የትራክተር ሞተር የነዳጁንና የጭሱን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ባልቦላ አለው፤ እንቁራሪቷ ግን ባለ ሁለት ምት ስለሆነች የላትም። በባልቦላ ፈንታ የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ መስኮቶች አሏት። ፒስተኑ ሲወርድ መስኮቱን ይከፍታል፣ ሲወጣ ይዘጋል፣ በቃ። ጭሱ በመስኮቱ ሲወጣ ግን ያልተቃጠለ አዲስ ነዳጅም አብሮት ያመልጣል። "ጉልበቷ የሚፈሰው በዚህ ነው" አሉኝ አባባ፣ መስኮቱን በጣታቸው እየነኩ። ከኸዋጆቹ አንዱ ስለዚሁ ጉዳይ ሥዕል ትቶላቸው ነበር። ዘይት የጠጣ ወረቀት ላይ፣ ቀጭን ሆኖ የሚጀምር፣ እየሰፋ ሄዶ ሆዱ የሚነፋ፣ ከዚያ መልሶ የሚጠብ ማርሚታ። ጭሱ ጠባቡ ጋ ሲደርስ ግፊቱ ወደኋላ ይመለስና፣ መስኮቱ ሳይዘጋ ያመለጠውን ነዳጅ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሾልከው የወጡ ልጆችን አባት ደጅ ጠብቆ ወደ ቤት እንደሚመልሳቸው ማለት ነው። አንድ ባዶ ቱቦ፣ ቅርጹ ስላማረ ብቻ፣ ይህን ሁሉ ያስባል! እኔ ከደስታ ብዛት ቁልፍ መፍቻውን እግሬ ላይ ጣልኩት።

አባባ ከበርሜል ላሜራ ቆርጠው መጠቅለል ጀመሩ። ሦስት ቀን ጠቀለሉ። ላሜራው ወይ ቀጥ ያለ ቱቦ ይሆናል፣ ወይ አፉ ይንጋደዳል።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ጉርድ ነው" አልኳቸው።

"ምኑ?"

"ወገቡ ጠባብ፣ ታቹ ሰፊ። ጉርድም ከአራት ማዕዘን ጨርቅ ሲቆርጡት እንዲህ ነው የሚንጋደደው።"

"ሂጂ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች።"

አልፈለገችኝም፤ ግን ሄድኩ። እናቴ ገበያው ጥግ ላይ በእግር መኪና ልብስ ትሰፋለች። ነገሩን ስነግራት ቀና እንኳ ሳትል፣ "ወገቧ ስንት ነው?" አለችኝ።

"ግማሽ ስንዝር።"

"ታቹስ?"

"ስንዝር ተኩል። ቁመቷ ሁለት ስንዝር አይሞላም።"

"ማን ናት እቴ ይቺ ቀጭን! እህል አትቀምስም?"

ይሁን እንጂ ተነሥታ የሲሚንቶ ወረቀት መሬት ላይ ዘረጋችልኝ። ክብ ጉርድ እንዴት እንደሚሰመር ድሮም አውቃለሁ፤ ሚስማር ይተከላል፣ ሲባጎ ይታሰርበታል፣ ጠመኔ ጫፉ ላይ ይያዛል። ከአንዱ ሚስማር ሁለት ቅስት ይሰመራል፣ አጭሩ ሲባጎ ለወገብ፣ ረጅሙ ለታች። በመካከላቸው የሚቀረው ቁራጭ ሲጠቀለል ጉርድ ይሆናል። ማርሚታው እንግዲህ ሁለት ጉርድ ነበር፣ ታች ለታች የተገጣጠሙ። ወረቀቱን ይዤ እየሮጥኩ ስመለስ አባባ ጠቀለሉት፣ ገለበጡት፣ በአንድ ዓይናቸው አሾልከው አዩበት። "በል እንግዲህ" አሉ፣ ለማን እንዳሉት እንጃ። ላሜራውን በወረቀቱ ልክ ቆረጡት።

ትልቅ ጥፋት ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። እጄ እንደለመደው በየጎኑ ለስፌት ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ትቼ ኖሯል። አባባ በይደው ሲጨርሱ ወገቡ ከሞተሯ ቱቦ ሰፍቶ እንደ ተውሶ ቀሚስ ተንከረፈፈ።

"ይሄ ትርፍ ምንድን ነው?"

"ለስፌት ነው።"

"ልጄ፣ ብረት የሚበየደው ጠርዝ ለጠርዝ ነው። አይታጠፍም።"

"ለሚያድግ ልጅ ነው" አልኩ አፍሬ። ብየዳ ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ የሳቁት አባባ ብቻቸውን ነበሩ፣ ግን ተሞላ። ሌላ ቆረጥን።

ከዚያ አባባ ጉልበት ይጨምራል ብለው የሲሊንደሩን የጭስ መስኮት በግማሽ ክብ ሞረድ የጥፍር ውፍረት ያህል ከላይ ሞረዱት፣ ቀደም ብሎ እንዲከፈት። እኔ የብረቱን ብናኝ በጨርቅ እጠርግ ነበር። ተገጣጠመች። ድሬሰሩ ተቀምጦ ሲያስነሣት እንቁራሪትነቷ ቀርቶ ተርብ ሆነች። ጠጠር በፈሰሰበት ግቢ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጡ።

"በረርኩ! አላያችሁኝም? በረርኩ እኮ!"

እኔም ያን ቀን አባባ በዓለም ላይ አንደኛ መካኒክ፣ እኔ ደግሞ ሁለተኛ የሆንን መሰለኝ።

በማግሥቱ ድሬሰሩ አንድ ጆንያ ማሽላ በሽተኛ አድርጎ ከኋላው አሰረና ወደ ማሳው ወረደ። ድምጿ ከሩቅ ሲያፏጭ ሰማነው። ከዚያ ጠፋ። ብዙ ቆይቶ ድሬሰሩ ጆንያውን በትከሻው ተሸክሞ፣ እስከ ደረቱ ጭቃ ለብሶ በእግሩ መጣ።

"በሽተኛውን አመጣሁ" አለና ጆንያውን ደጃፉ ላይ ጣለው። የሳቀ የለም።

የሆነው እንዲህ ነው። ሞተሯ በፍጥነት ስትዞር ጉልበቷ ጉድ ነው፤ ጭቃ ላይ ግን ያ ሁሉ ጉልበት ጎማውን ባለበት አሽከርክሮ ይቀብረዋል። ቀስ ስትል ደግሞ ከድሮዋም ብሳ ትታፈናለች። ዳገቱን ግማሽ እንኳ አልወጣችም። አባባ ሲሊንደሩን እንደገና ፈትተው መስኮቱን አዩት። "ለሩጫ ሠራናት" አሉ። "ጭቃ ሩጫ አይፈልግም። እንግዲህ የሞረድኩትን ብረት ከየት አምጥቼ ልመልሰው?" ሥራ አስኪያጁ ሊመጡ ሁለት ሳምንት ቀርቷል። አባባ ሁለት ቀን ሙሉ ሞተሯን አልነኳትም። ድሬሰሩ ደግሞ የቃሬዛዎቹን ገመድ እየፈተሸ ማጥበቅ ጀመረ። እኔን ያመመኝ ያ ነው።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ላጥብ ወንዝ ወረድኩ። ከማዶ ትልቅ ቋጥኝ አለ። ልጆች ሆነን ድምፃችንን እንዲመልስልን እንጮህበት ነበር። ተናድጄ ስለነበር "አንቺ እንቁራሪት!" ብዬ ጮህኩበት። ወዲያው መለሰልኝ። ወደ ላይ፣ ልብሱን ወደማሰጣበት ሄጄ ደግሜ ጮህኩ። ዘገየና መለሰ። ቆምኩ። ከቋጥኙ ስርቅ ነው የሚዘገየው። እርጥቡን ልብስ እዚያው ትቼ ሮጥኩ፤ እናቴ በኋላ በዚህ ምን እንዳለችኝ አልጽፈውም።

"አባባ፣ ማርሚታውን እናርዝመው!"

"ደግሞ ምን መጣ?"

"ጭቃ ላይ ሞተሯ የምትዞረው ቀስ ብላ ነው፣ አይደል? መስኮቱ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ቀስ ብሎ ይዘጋል። ግፊቱ ግን ቱቦው አጭር ስለሆነ ነዳጁ ገና ሳያመልጥ ተመልሶ ይመጣል። በኋላ ሲያመልጥ የሚመልሰው የለም። ቱቦው ቢረዝም ግፊቱ ቆይቶ ነው የሚደርሰው።"

አባባ ሲጋራቸውን ከአፋቸው አወጡ። "ይህን ማን ነገረሽ?"

"ቋጥኙ።"

ከዚያ ዓይናቸው ወደ ቀሚሴ ወረደ። ያን ሳምንት እናቴ የተማሪ ቤት ቀሚሴ ስላጠረኝ እጥፋቱን ለቅቃ አርዝማልኝ፣ የድሮው እጥፋት መስመር ጉልበቴ ላይ ይታይ ነበር። "ብረትም ያድጋላ" አሉና ከተሰበረ አልጋ እግር አንድ ስንዝር ቱቦ በመጋዝ ቆረጡ። በሲሊንደሩና በመጀመሪያው ጉርድ መካከል ቀጠሉት። ድሬሰሩ ጆንያውን ጭኖ ሞከረና "ትንሽ ቀርቷታል" አለ። አራት ጣት ጨመርንላት። ከዚህ በኋላ ማፏጨቷ ቀረ፤ ድምጿ ወፈረ። ግቢ ውስጥ እንደዚያን ጊዜ አልበረረችም፣ ዶሮዎቹም ከቦታቸው አልተነሡ።

ሥራ አስኪያጁ በበቅሎ መጡ። ወፍራም ሰው ናቸው፣ በቅሎዋ ታሳዝን ነበር።

"በሽተኛው የታለ?"

"ዛሬ የለንም ጓድ፣ እግዜር ይመስገን" አለ ድሬሰሩ። "እግዜር" የምትለዋን ሲሰሙ ሥራ አስኪያጁ ገልመጥ አደረጉት።

"እንግዲያው ጆንያ ጫን።"

"ጆንያ አይንቀጠቀጥም፣ ጓድ። ወባ የያዘው ሰው ወዲህ ወዲያ ይላል። ሰው ይሻላል።"

ሁላችንም ሥራ አስኪያጁን አየናቸው። እሳቸውም ዞር ዞር ብለው አዩን። "እሺ፣ እኔው እቀመጣለሁ" አሉ።

ወደ ማሳው ወርደው ሲመለሱ እኛ ዳገቱ አናት ላይ ቆመን ነበር። እንቁራሪቷ ከታች ስትጀምር ድምጿ ደህና ነው። መሐል ላይ የኋላ ጎማዎቿ ተንሸራተቱ፣ ድምጿ ወረደ፣ ወረደ፣ አንድ አንድ ሆኖ ሊቆጠር ደረሰ። እጅጌዬን ነከስኩ። አባባ ወደ ዳገቱ አላዩም፤ ጆሯቸውን ብቻ አዘንብለው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ከዚያ ግፊቱ ደረሰ። ሌላ ምን እንደምለው አላውቅም፤ አንድ ነገር ከኋላዋ ገባና ገፋት። ጭቃውን እየጎረሰች፣ ሳትቸኩል፣ እፊታችን ወጥታ ቆመች።

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸው በጭቃ ተሸፍኗል። "ወይኔ ወገቤን" እያሉ ወረዱ።

"በሽተኛም እንደሱ ነው የሚለው፣ ጓድ" አለ ድሬሰሩ።

መነጽራቸውን ጠርገው ማርሚታውን አዩና "ይሄ ቅጥል ምንድን ነው?" አሉ።

"የአልጋ እግር ነው። ልኩን ልጄ ቆረጠችው፣ እኔ በየድኩት" አሉ አባባ። ሥራ አስኪያጁ እኔን፣ ከዚያ ቀሚሴን፣ ከዚያ ማርሚታውን አዩ። ማስታወሻቸው ላይ ጽፈው፣ "ትቆይ" አሉ። ስለኔ ይጻፉ አይጻፉ አላየሁም። ስለዚህ እኔው ጻፍኩት።

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተ። ወንበሬ መስኮቱ አጠገብ ነው። እንቁራሪቷ ወደ ማሳ ስትወርድ ድምጿ ቀጭን ነው፤ ስትመለስ ወፍሮ ከሆነ ሰው ጭናለች ማለት ነው። አንድ ቀን ሒሳብ እየተማርን ወፍራሙን ድምፅ ሰማሁት። ዳገቱ ሥር ደረሰ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ያዘ፣ ወጣ። እርሳሴን ለካ ሰብሬዋለሁ።

ከአራት ቀን በኋላ እናቴ ዘንድ ቁጭ ብዬ ቁልፍ ስተክል፣ ፊቱ የገረጣ አንድ የጎጃም ሰው፣ ጋቢ አገልድሞ፣ በገዛ እግሩ መጣ። በእጁ ሱሪ ይዟል። አንደኛው እግር ላይ ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው፣ ዙሪያው ጠቁሯል።

"በዚያች ነገር ላይ ሲያመጡኝ ነው፣ እመቤት። ቱቦዋ አቃጠለብኝ።"

እናቴ መኪናዋን አቆመች። "ያቃጠለችህ ይህችውልህ" አለች፣ በጣቷ እያሳየችኝ። "እሷው ትጣፍልሃለች።"

ሰውየው ሳቀ፤ ሳቁ አሳለው፣ ግን ሳቀ። ሱሪውን ተቀብዬ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ከአሮጌ ካኪ መጣፊያውን ሳሰምር ለስፌት ሁለት ጣት ትርፍ ተውኩለት፤ ይሄኛው ጨርቅ ነውና።