አባዬ ኳስ ማሳያ ቤት ገቡ

ዛሬ አባዬ መስቀላቸውን ይዘው ደብረ ታቦር ኳስ ማሳያ ቤት ገቡ!

አባዬ ቄስ ናቸው፤ ኳስ ልምምድ የከለከሉኝም እሳቸው ናቸው። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ እንዳለው ስነግራቸው «ወንድ በሞላበት ቤት ብቻሽን አትገቢም» አሉና ጥምጥማቸውን አስተካክለው አብረውኝ መጡ።

ስንገባ ሰው ሁሉ ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ። ባለፈው «ሴት ደግሞ ምን ልታይ መጣች?» ብሎ ያሳቀብኝ ልጅ የፊት ወንበሩን ለቀቀልን። (መስቀሉንም ደጋግሞ ሳመ!)

ተከላካያችን ተመትታ ስትወድቅ አባዬ «አይዞሽ ልጄ፣ ተነሽ!» ብለው ጮኹ። ተነሣች።

ተሸነፍን። መንገድ ላይ ግን «ልምምዱ መቼ ነበር ያልሽኝ?» አሉ።

«እሑድ» አልኩ በቀስታ።

«ከቅዳሴ በኋላ ከሆነ ሂጂ።»

እግዜር ይስጥልኝ አባዬ። እናንተስ፣ ብቻችሁን ልትገቡ የፈራችሁት ቤት አብሯችሁ የገባ ሰው አለ? ንገሩኝ።