እማዬ እልል ያለችበት ቀን

ሰሞኑን ከትምህርት ስመለስ አንድ ልጅ ኳስ ከግድግዳ ጋር ሲያላትም ሰማሁና መኪናዬን ዳር አስይዤ ቆምኩ። ያ ድምፅ፣ ኳስ የብሎክ አጥር ሲመታ የሚሰማው ያ ደረቅ «ዷ»፣ ልጅ ሳለሁ በየጠዋቱ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ነበር። ቤታችን በሰሜን ላስ ቬጋስ፣ አሊያንቴ ከሚባለው መንደር ብዙም ሳይርቅ፣ ሰፈሩ አልቆ በረሃው ከሚጀምርበት ጥግ ላይ ነበር። ሰመር ሲገባ ሙቀቱ ቆዳ ስለሚለበልብ፣ ታላቅ ወንድሜ ናሆም ፀሐይዋ ከተራራው ብቅ ሳትል ተነሥቶ፣ ውኃውን ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣና እግሩ እስኪዝል ድረስ አጥሩን በኳስ ሲደበድበው ይቆይ ነበር።

አባዬ በወጣትነቱ በሱዳን አድርጎ በስደት የመጣ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ዝምተኛ ነው፣ ስለ እግር ኳስ ሲነሣ ግን ፊቱ ይበራ ነበር። የጠዋት ሺፍት በሌለው ቀን ወንበር ይዞ ይወጣና ምንም ሳይናገር የናሆምን እግር ያይ ነበር። እማዬ ከትልልቆቹ ሆቴሎች በአንዱ ክፍል አጽጂ ነበረች፤ የዕረፍት ቀን እንቅልፏን በሚነሳት በዚያ ድምፅ እየተማረረችም ቢሆን፣ አንድም ቀን ተው ብላው አታውቅም። የአባዬ የልብ ጓደኛ ጋሽ ለማ፣ እሱም ታክሲ ነጂ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት እየመጣ «ይህ ልጅ ገና ለብሔራዊ ቡድን ይጫወታል» ይል ነበር። ለየትኛው አገር እንደሆነ ግን እሱና አባዬ ተስማምተው አያውቁም።

እኔ ገና ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሙቀቱ በረድ ማለት ሲጀምር፣ ናሆም አንድ ዓርብ «ዛሬ ጌም አለኝ፣ ኑ» አለን። እሱ ራሱ ኑ ሲለን ያ የመጀመሪያው ስለነበር፣ እማዬ ሺፍቷን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያይራ፣ አባዬ ታክሲውን አቁሞ፣ ጋሽ ለማንም ይዘን ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ሄድን። ገብተን ስንቀመጥ ያየነው ግን የጠበቅነው እግር ኳስ አልነበረም። ትከሻቸው በር የሚያክል፣ ፊታቸውን በብረት ፍርግርግ የሸፈኑ ልጆች እየተንደረደሩ ይላተማሉ፣ ይወድቃሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይከመራል። አባዬ የተሳሳተ ቦታ የገባን መስሎት ሊጠይቅ ሲነሣ፣ እኔ ከሜዳው ዳር ቆሞ እግሩን የሚያፍታታ አንድ ቀጭን ልጅ አየሁና በአቋቋሙ ለየሁት።

«አባዬ፣ ያ ናሆም ነው» አልኩት።

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ በአፏ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ወዲያው ናሆም እየሮጠ ገባ፣ አንድ ጓደኛው ተንበርክኮ ሞላላዋን ኳስ በጣቱ ጫፍ መሬት ላይ አቆመለት፣ እሱም ተንደርድሮ መታት፣ ኳሷ በሁለቱ ረጃጅም ቢጫ ብረቶች መሃል አለፈች፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ናሆምም እየሮጠ ወጣ። አባዬ ይመለሳል ብሎ ጠበቀ፤ ብዙ ጠበቀ። በመጨረሻ ወደ ጋሽ ለማ ዞሮ «በቃ? ይኸው ነው?» አለው። ጋሽ ለማ ይህን የአሜሪካኖቹን እግር ኳስ በቴሌቪዥን ይከታተል ስለነበር አስረዳን። ኪከር ይባላል፣ ሥራው ይኸው ብቻ ነው፣ ሲጠሩት ገብቶ ይመታል፣ መትቶ ይወጣል፤ ካገባ ይረሱታል፣ ከሳተ ግን አይለቁትም አለን።

መኪና ውስጥ ናሆም አንገቱን ደፍቶ፣ አሠልጣኙ እግሩን አይቶ እንደለመነው፣ ለአባዬ መንገር ፈርቶ እንደቆየ ነገረን። እማዬ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እነዚያ ግንድ የሚያካክሉ ልጆች አንተንም ይጥሉሃል ወይ አለችው። ኪከር መንካት በሕጉ ክልክል ነው ብሎ አረጋጋት። አባዬ ግን ሳምንቱን ሙሉ ለብቻው «በእጅ እየተያዘ እንዴት እግር ኳስ ይባላል» እያለ ሲያጉረመርም እሰማው ነበር።

ክረምቱ ገብቶ የበረሃው ብርድ ጣት ማቆርፈድ ሲጀምር፣ አባዬ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ሞላላ ኳስ ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ከዚያ በኋላ ኳሷን መሬት ላይ የማቆሙ ሥራ የእኔ ሆነ። ከአጥራችን ማዶ ባለው ጠጠራማ ሜዳ ላይ ተንበርክኬ፣ ስፌቷን ወደ ፊት አዙሬ፣ በአንዲት ጣቴ ደግፌ እይዝለት ነበር፤ ናሆም ሲንደረደር ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ የጫማው ንፋስ ጣቴን ዳብሶት ሲያልፍ ብቻ እገልጣለሁ። አባዬ ከሩቅ ቆሞ ኳሷን እያመጣ ይወረውርልን ነበር፤ በእጁ መወርወሩ እያሳፈረው መጀመሪያ መጀመሪያ በእግሩ ሊመልሳት ይሞክር ነበር፣ እሷ ግን ባላሰበው አቅጣጫ እየነጠረች ታስሮጠው ነበር።

ናሆም ሊመረቅ በተቃረበበት ወቅት፣ የሰፈራችን ዛፎች ቢጫ አበባ ባወጡበት ሰሞን፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስልክ ደውሎ ሙሉ ስኮላርሺፕ እንደሰጠው ነገረው። እማዬ ሦስቴ አስደግማ ጠየቀችው። ትምህርቱን፣ ምግቡን፣ መኝታውን ሁሉ የሚችሉት ኳስ ስለመታ ብቻ መሆኑን ማመን አቃታት። «እነሱ ምን ነካቸው?» አለች፤ ደስ ብሏትም፣ ፈርታም ነበር። በዚያው ሰመር መጨረሻ በረዶ ወደሚበዛበት አገር ሄደ፤ እኔም አራት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ በጠዋት እየነቃሁ ጓሮውን በመስኮት አይ ነበር።

ትምህርቱን እንደጨረሰ አንድ ትልቅ ቡድን አስፈረመው። ወደ ቡድኑ ልምምድ በሄደ በሳምንታት ውስጥ እማዬ ድግስ ደገሰች። ጓሮው ላይ ድንኳን ተተከለ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ቤቱም ድንኳኑም ሞላ፣ ጋሽ ለማ ኳስ የሚመስል ኬክ አሠርቶ አመጣ። ናሆም ሊመጣ እንደማይችል ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ድግሱ ለክብሩ ነበር። ዶሮው ወጥቶ ሰው መብላት እንደጀመረ የፊት በር ተከፈተና ናሆም ሻንጣውን እንደያዘ ገባ። ሰዉ ድግሱን ሊያደምቅ በድንገት የመጣ መስሎት ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እማዬ ሮጣ ተጠመጠመችበት። እኔ ግን ፊቱን አየሁት፤ አገጩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባዬ ጋ ሄዶ በዝግታ «አባዬ፣ ቀንሰውኛል። ትናንት» አለው። ድግስ መኖሩን አያውቅም ነበር፤ ያልነገርነው በኋላ ፎቶውን ልከን ልናስደስተው ብለን ነው።

ጭብጨባው በየተራ ሞተ። አንዲት ሴትዮ ሳህኗን እንደያዘች መሃል ላይ ቆማ ቀረች፣ ከኩሽና የቧንቧ ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። አባዬ ሻንጣውን ከእጁ ተቀበለውና «ግባ፣ መጀመሪያ ብላ» አለው። ጋሽ ለማም ቶሎ ብሎ ለራሱ ጨመረና እንግዶቹን ብሉ እንጂ አላቸው፤ ቀስ በቀስም መብላቱ ቀጠለ፣ ኬኩን ግን ማንም ሳይቆርሰው ዋለ።

ናሆም ከዚያ በኋላ በመጋዘን ዕቃ እየጫነ፣ ጠዋት ጠዋት ለብቻው ኳስ እየመታ አንድ ዓመት ቆየ። ያኔ ከተማችን የራሷ ቡድን መጥቶላት ሕዝቡ አብዶ ነበር። ከሁሉ የባሰው ጋሽ ለማ ነበር፤ የቡድኑን ማሊያ ከታክሲው ወንበር ላይ አያወርድም፣ እሁድ ቡድኑ ከተሸነፈ ሰኞን ሳይስቅ ይውላል። በሚቀጥለው ዓመት ሙቀቱ ሲበርድ፣ የሌላ ከተማ ቡድን ኪከሩ ተጎድቶበት ናሆምን ድንገት ጠራው። የመጀመሪያ ጨዋታው እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ ከእኛው ከተማ ቡድን ጋር ሆነ። እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ስታዲየሙ ሄድን፤ እማዬ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ ጋሽ ለማ ደግሞ ማሊያውን ከጃኬቱ ሥር ለብሶ። ናሆም በጠዋቱ ደውሎለት ማሊያውን እንዳያወልቅ ነግሮት ነበር። የተቀመጥነው ከአንደኛው ጫፍ ጥግ ላይ ነበር። ጨዋታው ሲጀመር ናሆም ኳሷን መትቶ ወደ ከተማችን ቡድን ላካት፤ ሕዝቡ በጩኸት ተነሣ። የጮኸው ለራሱ ቡድን ነበር፣ እማዬ ግን ለልጇ መሰላትና ለግራ ቀኙ ሰው አንገቷን እየነቀነቀች ታመሰግን ጀመር። እውነቱን ልነግራት አልጨከንኩም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሰኮንዶች ሲቀሩ የናሆም ቡድን በአንድ ነጥብ ተበልጦ ነበር። ናሆም ተጠራ። ካገባ ያሸንፋሉ፣ ከሳተ አለቀ። የሚመታው ከእኛ ራቅ ባለው ጫፍ ወዳሉት ብረቶች ስለነበር ኳሷ ትግባ አትግባ ከተቀመጥንበት አይለይም። የሚለየው በሕዝቡ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ዝም ካለ ገብታለች፣ ከጮኸ ስታለች። አባዬ እጁን በጉልበቱ መሃል ቀብሮ መሬት መሬት ያይ ነበር። ስታዲየሙ ጣሪያ አለው፣ ንፋስ የለም፣ ፀሐይ የለም፤ የሚያመካኙበት ነገር አልነበረም። ናሆም ወደ ኋላ ተራመደ፣ ቆመ፣ ተንደርድሮ መታት።

ስታዲየሙ ፈነዳ። ከሥሬ ያለው ሲሚንቶ ሲንቀጠቀጥ በእግሬ ተሰማኝ። ጋሽ ለማ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሥቶ ከፊቱ የነበረውን የማያውቀውን ሰው አቀፈ። እማዬም ብድግ አለች፣ እጇን ወደ አፏ አድርጋ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ በሙሉ ድምፅዋ እልል አለች። ደጋግማ እልል አለች። እንባዋ በጉንጯ ይወርድ ነበር። በዙሪያችን ያለው ሕዝብ ሁሉ፣ ጎረቤታችን፣ የክፍል ጓደኞቼ፣ የገዛ ከተማችን፣ በወንድሜ መሳት ይዘላል፤ እናቴም አብራ ትዘላለች። አባዬ ቀና ብሎ አያትና ተመልሶ አቀረቀረ።

ነጠላዋን ይዤ ሳብኳት። «እማዬ» አልኳት፣ «ስቷል።»

እጇ አፏ ላይ እንዳለ ቀረ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሜዳውን አየች፤ ናሆም የራስ ቁሩን ይዞ ብቻውን ቆሞ ነበር። ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጋሽ ለማ ያን ጊዜ ዞሮ አየን። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ እንዴት እንደጠፋ መናገር ያቅተኛል። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘጋና ከእኛ ሁለት ወንበር ርቆ ተቀመጠ።

ተጫዋቾቹ ወደ አውቶቡስ በሚወጡበት በር ጠበቅነው። ናሆም ሱፍ ለብሶ፣ ፀጉሩ እንደረጠበ ወጣና በቀጥታ እማዬን አቀፋት። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛው «እማዬ፣ አየሁሽ። ሁልጊዜ መጀመሪያ እናንተን ነው የማየው። እልል እያልሽ ነበር። ለምን?» አላት።

እማዬ አባዬን አየችው፤ አባዬም ዓይኑን ሰበረ። «ለአንተ የጮኹ መስሎኝ ነው፣ ልጄ» አለችው።

ናሆም አያት። ከዚያ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ፤ አባዬም አጠገቡ ተቀምጦ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ የሁለቱም ሳቅ መቼ ወደ ልቅሶ እንደተለወጠ መለየት አልቻልኩም። ጋሽ ለማ ከአንድ ምሰሶ ጋር ተጠግቶ ከሩቅ ቆሞ ነበር። ናሆም ፊቱን ጠርጎ ተነሥቶ ወደ እሱ ሄደና «ጋሼ፣ ቡድንዎ አሸነፈ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለው። ያ ትልቅ ሰውዬ አንገቱ ላይ ወድቆ ተንሰቀሰቀ።

በዚያው ሳምንት ቡድኑ አሰናበተው። ስልኩ ከማናውቃቸው ሰዎች በሚመጣ ስድብ ሞላ፤ በጨዋታው ቁማር የተበሉ ሰዎች ሞቱን ሲመኙለት አነበብኩ። ለአንዲት ኳስ ሰው እንዲህ ይባላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ናሆም ግን በማግስቱ ጠዋት ኳሱን ይዞ ወጣ። ሌሎች ቡድኖች ጠሩት፣ ጥቂት ዓመታት ተጫወተ፣ ብዙ አገባ፣ ሁለት ጊዜም በመጨረሻዋ ሰኮንድ ጨዋታ አሸነፈላቸው፤ እነዚያን ከእኛ ሌላ የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ዳሌው አልታዘዝ ሲለው አቆመና አሁን አጠገባችን ባለችው ሄንደርሰን ከተማ ልጆች ያሠለጥናል።

እሁድ እሁድ አሁንም እዚያው ቤት እንሰበሰባለን፤ ጋሽ ለማም ማሊያውን ለብሶ ይመጣል። ድሮ የተጋጣሚያችን ኪከር ሲስት እኔ ሶፋው ላይ ወጥቼ እጨፍር ነበር፣ ጋሽ ለማ ደግሞ እጄን ይዞ ያስጨፍረኝ ነበር። አሁን የማናውቀው ልጅ ወደ ሜዳው ሲገባ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ እማዬ ከኩሽና እጇን እየጠረገች ትወጣለች። ልጁ ስቶ የእኛ ቡድን ሲያሸንፍ ካሜራው በሚጨፍረው ሕዝብ ላይ ይዞራል፤ እማዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያልቆመች አንዲት ሴት ትፈልጋለች።