የእትዬ በላይነሽ መግነዝ

ዛሬ ጠዋት አከራዬ እትዬ በላይነሽ ለገዛ ቀብራቸው ያሠሩትን መግነዝ ከቆጥ ሲያወርዱት ሻግቶ አገኙት።

"ቆርቆሮው ቢያፈስ ነው" ብለው ባቡር ጣቢያው ጋ የሚሠራውን አናጢ ኦቦ ቱፋን አስጠሩ።

ኦቦ ቱፋ ጣሪያው ደህና መሆኑን አይቶ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ገባ። ከንፋስ መውጫው ቀዳዳ የተወተፈ አሮጌ ሱሪ መዞ አወጣ።

ሱሪው የእኔ ነው። በሙቅ ውኃ ስታጠብ ንፋስ እንዳይመታኝ ቀዳዳውን ደፍኜበት ከረምኩ፤ መውጫ ያጣው እንፋሎት ከመታጠቢያው በላይ ወዳለው ቆጥ ወጣ። ለጤናዬ ጠንቃቃ ነኝ፣ በሰው መግነዝ።

እትዬ በላይነሽ አልተቆጡም። "አዲስ አሠርተህ እስክታመጣ አልሞትም" ብቻ አሉኝ።

ቀዳዳው ተከፍቷል። ሸማኔው ጋ ስሄድ ግን እንዲዘገይ ልለምነው አስቤያለሁ።

እናንተስ፣ ንፋስ ፈርታችሁ የማንን ዕቃ አሻገታችሁ?