የደቡቡ በር መቃን

ትናንት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ለሰርግ ወጥ ሲጣድ፣ ማን እንዳመጣው እንጃ፣ አሮጌ ጥድ እሳቱ ውስጥ ገባና ሽታው አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ አገኘኝ። መስኮቴን ዘጋሁ። ሌላው ሰው ደስ የሚሰኝበት ሽታ እኔን እንደሚያናድደኝ ለጎረቤት ምን ብዬ ላስረዳ?

በልጅነቴ አቃቂ ኮረብታው ላይ የነበረችው ቤተ ክርስቲያናችን ክብ ነበረች፤ ግድግዳዋ ጭቃ በጭድ፣ ጣሪያዋ መዛግ የጀመረ ቆርቆሮ፣ በሮቿ ጥድ። ጥዱን ባቡር ጣቢያ ይሠራ የነበረው የእናቴ አባት ከጓደኞቹ ጋር ዳገቱን በትከሻ አውጥቶታል፤ እናቴ ይህን ስታወራ ግንዱን የተሸከመችው ራሷ ትመስላለች። እሁድ እሁድ በሴቶች በር፣ በደቡብ በኩል፣ የቀኙን መቃን ትሳለምና እኔንም አንገቴን ይዛ ታሳልመኛለች። የስንቱ እናት ከንፈር ያረፈበት እንጨት ነውና መሃሉ ሰርጉዶ ለስልሶ፣ ቅቤና ላብ ቅቤና ላብ ስለሚል፣ አፍንጫዬን ይዤ ነበር የምስመው።

በኋላ ኮንዶሚኒየም በየእርሻው ሲበቅል የእኛንም ሰዎች ዘመናዊ ነገር አማራቸው። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ክቧ ፈረሰች፣ በሴራሚክ ያሸበረቀ ሕንፃ ቆመ። መቼም ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ ማን ይጠላል? እናቴ የለመነችው ያ መቃን አዲሱ በር ላይ እንዲገባ ብቻ ነው፤ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ስለነበር ቦታውን የምታውቀው በእጇ ዳብሳ ነው። ሊቀመንበሩም፣ «እሺ እማማ፣ ይቀመጥልዎታል» አሏት።

ታዲያ ቅዳሴ ቤቱ የተከበረ ዕለት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ማገዶ አነሰ ተባለና፣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የትም አይጣልም፣ ለበዓሉ ቢነድ በረከት ነው ብለው፣ ከፍርስራሹ የተረፈውን እንጨት ሁሉ የወጡ ጎላ ሥር ማገዱት። እኔ ስደርስ መቃኑ ፍም ሆኗል። ሊቀመንበሩ ላይ ብጮህ ሥጋ የተቆለለበት ሳህን አስያዙኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እናቴም ሳታውቅ ከዚያው ወጥ በላች፤ ጣፈጣትም።

ወደ ቤት ከመመለሳችን በፊት ልሳለም ስትለኝ ወደ ደቡቡ በር ወሰድኳት። እጇ ሴራሚኩ ላይ ተንሸራተተ፤ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ የሚይዘው አጣ።

«ልጄ፣ የቱ ጋ ነው የምስመው?»

መዳፌን ግድግዳው ላይ ዘረጋሁላት፤ እሱን ሳመች። ዛሬ እሷም የለችም። እኔም ዳገቱን ወጥቼ በሩ ጋ ስደርስ የቱ ጋ እንደምስም ግራ ይገባኛል።