ከንፈር የማይመጠጥበት ቤት

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። በደርግ ጊዜ እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን የምንወስድበት፣ እኔም ከሥራ በኋላ መሠረተ ትምህርት እየሄድኩ ፊደል የምቆጥርበት ዘመን ነበር። ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር "በልግ የጠፋበት ዓመት ነው" ብላ ትነግራችሁ ነበር። እሷ ነገርን የምታስታውሰው በዝናብ ነበር። እኔ ደግሞ በሰፋሁት ልብስ ነው። ያን ጊዜ የምሰፋው ካኪ ነበር፤ ካኪ ብቻ።

የስፌት መኪናዬ ሆሳዕና ገበያ አጠገብ፣ አንድ የጉራጌ ባለሱቅ በረንዳ ላይ ነበረች። ቤታችንም ከዚያ ሩቅ አልነበረም። ከልጆቻችን ሁለተኛዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጡት ስትጠባ ያልባት ነበር። ሌሎቹ ጠብተው ይተኛሉ፤ እሷ ጠብታ ትደክማለች። ሳል አይለቃትም፤ ሰውነቷም አልወፍር አለ። ብርድ ነው ተባለ፣ ዓይን ነው ተባለ። ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ የሆሳዕናው ሐኪም ደረቷን ሲያዳምጥ ቆየና ወደ አዲስ አበባ ላከን።

እዚያ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ፣ አብሯት የተወለደ ነው አሉን። ቀዶ ጥገናው እዚህ አገር አይሠራም። ውጭ አገር ነው የሚሠራው፤ ውጭ አገር ደግሞ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ጨረቃ ማለት ነው። "ቀዳዳው ሊጠብ ይችላል፣ ላይጠብም ይችላል። የወደፊቱን ዛሬ ልነግርህ አልችልም" አለኝ ሐኪሙ። መድኃኒት ሰጡን፤ በየወሩ ሆሳዕና እንድትታይ አዘዙ፤ ተመለስን።

ወሬው እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ከእኛ ቀድሞ የባለቤቴ አገር ፎንቆ ደርሷል። የባለቤቴ ዘመዶች ከዚያ፣ የእኔ ከገጠር፣ ጎረቤቱም ከየቤቱ መጣ። የእኛ ሰው ሕመምተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም። ቅቤው የሚንሳፈፍበት አተካና ይዘው ይመጡ ነበር፤ ከቆጮና ከአይብ የተሠራ፣ ለክብር እንግዳ የሚቀርበውን ምግብ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ይገቡና ልጅቷን ያዩአታል። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ምጽ። ሌላውም ተቀብሎ፣ ምጽ። ቤቱ በከንፈር መምጠጥ ይሞላል።

እኛም እንዳትደክም ብለን ትምህርት ቤት አስቀረናት። ውሃ አትቅጂ፣ አትሩጪ፣ እሳት አጠገብ አትቀመጪ። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ የሌሎቹን ጨዋታ ታያለች። ቀስ በቀስ ወሬዋ አነሰ፤ ምግብም ተወች። እኔ ከልቧ ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ ዕቃዋን መስጠት ጀመረች። ሹራቧን ለታናሽ እህቷ ሰጠች። ከካኪ ቅዳጅ የሰፋሁላትን የደብተር ቦርሳ ለወንድሟ። የራሷ ዶሮ ነበረቻት፤ ከጫጩትነቷ ያሳደገቻት፤ እሷንም ለጎረቤት ልጅ ሰጠቻት። እኔ በጣም ደስ አለኝ። ለባለሱቁ የዶሮዋን ነገር ነግሬው "ልጄ እንዴት ያለች ቸር ሆናለች መሰለህ!" አልኩት።

"ዶሮ የምትሰጥ ልጅ ካለችህ ምነው እኔን ረሳችኝ?" አለኝ እየሳቀ።

በቀጠሯችን ቀን ሆስፒታል ስንሄድ ይህንኑ ለልጆች ክፍሏ ሲስተር ነገርኳት። ሲስተር ከሰሜን የመጣች፣ ባሏ አውራጃ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ነበረች። ልጅቷን ሚዛን ላይ አቁማ ነበር። የዶሮዋን ነገር ስትሰማ እጇን ከሚዛኑ አነሳች። ልጅቷን አውርዳ አልጋ ላይ አስቀመጠቻትና ራሷ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች።

"ዶሮሽን ለምን ሰጠሻት የኔ ቆንጆ?"

"እኔ ስሞት ማን ያበላታል?"

እንዲህ ነው ያለችው፤ ውሃ ስጡኝ እንደምትል።

"ትሞቺያለሽ ያለሽ ማነው?" አለች ሲስተር።

"ማንም አላለኝም። ሲመጡ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ለቅሶ ቤትም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።"

ሲስተር ከረሜላ ሰጥታ ከሌሎቹ ልጆች ጋር እንድትቀመጥ ላከቻትና ወደ እኔ ዞረች። "አባቷ፣ ይህች ልጅ ቸር አልሆነችም፤ እየተናዘዘች ነው" አለችኝ። "ልቧን እኛ እንከታተላለን። ይህ ፍርሃት ግን ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ እሱም መታከም አለበት። ይኼኛው ሕክምና ደግሞ እናንተ ቤት ነው ያለው።"

ወደ ትምህርት ቤት ትመለስ አለች። ትጫወት፤ ሲደክማት እሷው ራሷ ትቀመጣለች። ቤት ውስጥም እንደ ሌሎቹ ሥራ ይኑራት። በየሳምንቱ ለመርፌ ሳይሆን ለወሬ ብቻ አምጡልኝ አለች። ልጅቷ ፊት ደግሞ ከንፈር አይመጠጥ።

"ሲስተር፣ ሰው አዝኖ እኮ ነው" አልኩ።

"ይዘኑ። ደጅ ሆነው ይዘኑ።"

ይህን ለጎረቤት መንገር ከባድ ነበር። የባለቤቴ አክስት፣ ከሁሉ የበለጠ የሚመጡት እሳቸው፣ ተቆጡ። "ታዲያ እንደ እንጨት ቆሜ ልያት? የኔ ከንፈር ሳላዘው ነው የሚሄደው!" አሉ። ባለቤቴ ነገሩን በጨዋታ አደረገችው። እዚህ ቤት ከንፈሩን የመጠጠ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ከቦኖ አንድ ጀሪካን ውሃ ቀድቶ ያመጣል አለች። የሚፈርደውም ልጅቷ ናት።

የመጀመሪያ ቀን ማንም አልተያዘም። እንግዶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ተቀመጡ። በሌላ ቀን አክስት መጡ፤ ልጅቷን አዩ፤ ከንፈራቸው ሄደ።

"እትዬ መጠጡ! ሰምቻለሁ!" አለች ከዱካዋ ተነስታ።

"አልመጠጥኩም! ቆጮ ጥርሴ ውስጥ ገብቶ ነው።"

"ቆጮው ገና አልቀረበም እኮ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፤ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። አክስት ጀሪካኑን አንስተው "ይህቺ ልጅስ ዳኛ ናት የምትሆነው" እያሉ ወጡ። ያን ቀን የቀረበላትን በላች።

ትምህርት ቤትም ተመለሰች። በየሳምንቱ ሲስተር ዘንድ እንሄዳለን፤ እነሱ ሥዕል እየሳሉ ያወራሉ፣ እኔ ደጅ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ሲስተር ወጥታ ፈተና እንደደረሰበት ተማሪ አዘጋጀችኝ። "አባቷ፣ እሞታለሁ ወይ ብላ ትጠይቅዎታለች። እንዳይዋሹ። አላውቅም ማለት ይችላሉ። አላውቅም ብለው ግን ተነስተው እንዳይሄዱ፤ አጠገቧ ይቀመጡ።"

እኔ ሰውን በቃል ማጽናናት አልችልበትም። መኪናዬን እየረገጥኩ ለብቻዬ እለማመድ ነበር፤ ባለሱቁ ከካኪ ጋር ያወራል ይለኝ ጀመር።

ምሳዬን ማምጣት የእሷ ሥራ ሆኖ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ሳህኑን አስቀመጠችና እዚያው ቆመች።

"አባባ፣ እሞታለሁ?"

መኪናዋን አቆምኩ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። አጠገቤ አስቀመጥኳትና እንዲህ አልኳት፦ "ልብሽ ላይ ቀዳዳ አለ። ስትወለጂ አብሮሽ የመጣ ነው፤ ማንም አላጠፋም። ሐኪሙ ወደፊት የሚሆነውን አላውቅም ብሎኛል። እኔም አላውቅም። ሲደክምሽ ትቀመጫለሽ፣ ሲያምሽ ሆስፒታል ይዤሽ እሄዳለሁ። ብቻሽን አትሆኚም።"

የምሰፋው ሱሪ ጠርዝ ላይ የተረፈውን ክር በጣቷ ትጠቀልላለች።

"ዶሮዋ እንቁላል ጀምራለች አሉ" አለች በመጨረሻ። "መልሱልኝ ብል ነውር ነው?"

"ነውር ነው" አልኳት። "ጫጩት ስታወጣ ግን አንዷን መጠየቅ ትችያለሽ።"

"ሁለት እጠይቃለሁ" አለችና ሄደች። ያን ዕለት የአንድ ሰው ሱሪ እግሩን አጣምሜ ሰፋሁ፤ እንባዬ አላሳይ ብሎኝ።

ልቧ ወዲያው አልዳነም። የትምህርት ቤቱ ዳገት መሃል ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ልጆቹም መጠበቅ ለመዱ። ከዓመታት በኋላ ሐኪሞች ቀዳዳው እየጠበበ ነው አሉን። እሱ የፈጣሪ ሥራ ነው፤ አመሰግነዋለሁ። ዛሬ ዱራሜ ከተማ ልጆች ታስተምራለች። ዳገት ላይ አሁንም ትቀመጣለች።

ሲስተር ባሏ ተቀይሮ ከሆሳዕና ስትሄድ ቀሚስ ሰፋሁላት። ልለካሽ ማለት አፍሬ በዓይኔ ለካሁ። ለብሳው ብትወጣ እንደ ድንኳን ሆነባት። "አባቷ፣ በዚህ ውስጥ ሁለት ነርስ ይገባል!" ብላ ሳቀች፤ ግን አላወለቀችውም፤ በዚያው አውቶቡስ ላይ ወጣች። የት እንደደረሰች አላወቅሁም። ያን ጊዜ እሷ የሠራችውን ሥራ የምንጠራበት ስም እንኳ አልነበረንም። የልጄን ፍርሃት አይታ ያከመችው፣ እኔንም እጄን ይዛ ያሻገረችኝ ግን እሷ ናት፤ የሆሳዕና ሆስፒታል የልጆች ክፍል ሲስተር።